ነፋስ የሚቆምበት ፊደል

ጁን 6፣ ቅዳሜ

ተወለደች። ከቀኗ ሦስት ወር ቀድማ። አንድ ሺህ አርባ ግራም።

እኔ ሞተር ክፍል ነበርኩ፤ እዚያ ስልክ አይሰማም። ካፒቴኑ ራሱ መሰላሉን ወርዶ ትከሻዬን ያዘና "ሚስትህን ሆስፒታል ወስደዋታል" አለኝ። ወደቡ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይቀረን ነበር። መርከብ ላይ የሚሮጥበት ቦታ የለም። የዘይቱን መለኪያ ሳይ ቆየሁ።

ስደርስ ኦፕራሲዮኑ አልቋል። ሺሆ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ልጅቷ ሌላ ፎቅ ላይ ነች።

ጁን 7፣ እሑድ

አየኋት። መስተዋት ሣጥን ውስጥ ናት፣ አፍንጫዋ ላይ ቧንቧ ታስሮ። ቆዳዋ ውስጡን ያሳያል። መዳፏ የእኔን አውራ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው።

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። የያዝኩት ይህን ብቻ ነው፦ "ገና ስለሆነች መተንፈስ እየረሳች ልታቆም ትችላለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ናቸው።" መተንፈስ ይረሳል እንዴ?

ልጅቷን የምትጠብቀው ነርስ ሲስተር ኦኩሙራ ትባላለች። በሣጥኑ ጎን ያለችውን ክብ መስኮት ከፈተችልኝ።

"አባቷ፣ እጅዎን ያስገቡ። ይንኳት እንጂ።"

"እጄ ዘይት ነው።"

"አሁን እስከ ክርንዎ ታጠቡ አይደል እንዴ?"

"ጥፍሬ ሥር አይለቅም። ነገ።"

ለወላጆች የሚሰጥ ደብተር ሰጠችን፤ ሽፋኑ ላይ ጥንቸል አለበት። ልጅቷ ስታድግ እንድታነበው በየቀኑ ጥሩ ጥሩውን እንጽፍበታለን። ዛሬ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብዬ ጻፍኩበት። ይህ ደግሞ ከመርከቡ የወሰድኩት ትርፍ የሞተር መዝገብ ነው። ጥሩ ያልሆነው እዚህ ይቀመጥ።

ጁን 8

ሥራ። ሁለት ደርሶ መልስ። ሆስፒታል ግማሽ ሰዓት። ዛሬም ነገ አልኩ።

ጁን 9፣ ማክሰኞ

ሺሆ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ልጅቷ ወረደች። እጇን አስገብታ ጀርባዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየች። "የሱናዳ ሴት ሕፃን" ይላል።

"ስም አላት እኮ" አለች።

ስሙን የመረጥነው በኤፕሪል፣ ከሥራ ስወጣ ወደቡ ላይ ቁጭ ብለን ነው። ማታ ማታ የባሕሩ ነፋስ ሄዶ የየብሱ ነፋስ እስኪመጣ፣ መሐል ላይ ሁሉም ቀጥ የሚልበት ሰዓት አለ። ውሃው ዘይት ይመስላል። ያ ሰዓት ናጊ ይባላል፤ ድምፁንም ትርጉሙንም በያዘ በአንድ ፊደል ይጻፋል። ሺሆ ያን ሰዓት ትወደዋለች። እኔን ይሞቀኛል፤ ስሙን ግን ወደድኩት።

"እንደ ልማዱ በሰባተኛው ቀን ስሟን በብሩሽ ጻፍና እዚህ ስቀልልኝ።"

"እናትሽ ጥሩ የሚጽፍ ሰው አያጡም። የእኔን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ፤ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።"

"አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈልግም።"

ሰባተኛው ቀን አርብ ነው። ማዘጋጃ ቤት ለማስመዝገብ ደግሞ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ነው የሚፈቀደው።

ጁን 10፣ ረቡዕ

ጋሽ ኩማዳ ዘንድ ሄድኩ። ከወደቡ ጀርባ፣ የመረብ መጋዘኑ አጠገብ ነው ቤታቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እዚህ አካባቢ ያለ የዓሣ ጀልባ ሁሉ አፍንጫው ላይ ያለው ስም የእሳቸው እጅ ሥራ ነው።

"ምነው ካትሱ፣ መርከባችሁ ስሙ ጠፋው እንዴ?"

ነገርኳቸው። ቀልዱን ተዉትና ወረቀት ዘረጉ።

"ስማ። ይህ ከላይ እንደ ጣራ የተደፋው ነፋስ ነው። ከሥሩ የገባው 'ቆመ' ነው። ነፋስ ቆመ፤ ናጊ። ስድስት ጭረት ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ሰው ያስለቅሳል።"

ሁለተኛው ጭረት ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፣ ወደ ውጭ ይንሸራተትና መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ይነጠቃል። ብሩሹ ሳይነሣ። እኔ ጋ ሲደርስ መታጠፊያው ላይ ቀለሙ ኩሬ ይሠራል።

"ይሄ ነፋስ ነው ወይስ የተገነጠለ በር?" አሉ። "ብሩሹን እንደ ካቻቢቴ አትጨብጠው! እዚህ የሚፈታ ብሎን የለም። ደግሞ ትንፋሽህን ለምን ትይዛለህ? ልቀቀው!"

ሠላሳ ያህል ጻፍኩ። ሠላሳ የተገነጠለ በር። የሆስፒታሉ መግቢያ ሰዓት እንዳለፈ ያየሁት ስወጣ ነው።

ጁን 11፣ ሐሙስ

በእረፍት ሰዓት ሞተር ክፍል፣ በጋዜጣ ላይ። ጋሽ ኩማዳ እውነታቸውን ነው። ስድስቱ ጭረት እስኪያልቅ አልተነፍስም።

ሆስፒታል ሃያ ደቂቃ።

ጁን 12፣ አርብ። ሰባተኛው ቀን

ከጻፍኳቸው የተሻለውን ጠቅልዬ ሄድኩ። ሺሆና እናቷ ወይዘሮ ኪኑኤ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጥቅሉን ገና ስፈታ የሣጥኗ ማሽን ደወል ጮኸ።

ኦክስጅኗን የሚለካው ማሽን ዘጠና አራት ይል ነበር። ሰማንያ። ሰባ አንድ። ሃምሳ ስምንት። የልጅቷ ደረት አይንቀሳቀስም። ፊቷ የዝናብ ደመና መሰለ። ሲስተር ኦኩሙራ ሳትሮጥ መጣች፤ እጇን አስገብታ ውስጥ እግሯን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገቻት። "በይ እመቤት፣ ተንፍሺ እንጂ።" ደረቷ ብድግ አለ። ቁጥሩ ተመለሰ።

"ረስታ ነው" አለች ሲስተር፣ ፈገግ ብላ።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ወጣሁ። ኮሪደሩ ጥግ ውሃ የምጠጣ መስዬ ቆምኩ። ከግድግዳው ማዶ አማቴ ከእህታቸው ጋር በስልክ ያወራሉ።

"እስትንፋሷ ለሚቆም ልጅ 'ነፋስ ቆመ' ብሎ ስም! እንዴት አንዳቸውም አላሰቡትም? … አይ፣ እኔማ አልናገርም። ሺሆ እንዲህ ሆና ምን ብዬ እነግራታለሁ?"

እውነት እንዴት አላሰብኩትም? ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነፋስ ቆመ፣ ነፋስ ቆመ እያልኩ ስጽፍ። ያውም ትንፋሼን ይዤ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሺሆን "ቀለሙ ሳይደርቅ ጠቅልዬው ተበላሸ" አልኳት።

ጥንቸሉ ደብተር ላይ፦ "ዛሬ ሰባት ቀን ሞላሽ። ደስ ብሎናል።"

ጁን 13

ደወሉ አራት ጊዜ። አልጻፍኩም።

ጁን 14፣ እሑድ

ጠዋት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ለመሞከር ብቻ። ሦስተኛው አማረ። መታጠፊያው ያለ ኩሬ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ሺሆ ከሆስፒታል ደውላ ዛሬ ስድስት ጊዜ ጮኸ አለችኝ።

ሳልጽፍ አራት። ስጽፍ ስድስት።

ወረቀቶቹን በሙሉ ጓሮ አቃጠልኳቸው። ሲያልቁ ደግሞ ማቃጠሉ ሌላ ነገር ቢያመጣስ ብዬ ፈራሁ።

ሆስፒታል አልሄድኩም። ሞተሩ ተበላሽቷል አልኳት። ሞተሩ ደህና ነው።

ጁን 15፣ ሰኞ

ዝናብ። ሺሆ ዛሬ ወደ ቤት ተላከች፤ ባዶ እጇን። ወተቷን እያለበች በትናንሽ ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትደረድራለች። ገላዋን ስትታጠብ አማቴ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ።

"የስም ቆጣሪ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጭረቱን ከቤተሰብ ስማችሁ ጋር ቆጥሮ ይህን አወጣ። ሳቺኤ። የዕድል ፊደል አለበት።"

"ሺሆ ታውቃለች?"

"አንተ ንገራት እንጂ። አባትየው አንተ ነህ።"

ወረቀቱን ይዤ ጋሽ ኩማዳ ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይህኛውን ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

"ያኛውስ?"

በስልክ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ብሩሻቸውን እያጠቡ ሰሙኝ።

"ሁለት መቶ ጀልባ ላይ ስም ጽፌያለሁ" አሉ በኋላ። "'ታላቅ ዕድል' ብዬ የጻፍኩበት በሦስተኛ ወሩ ሰጠመ። አንዱ ሰካራም ደግሞ 'ቀንድ አውጣ' ብለህ ካልጻፍክ ብሎኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሠራበት። ባሕሩ ማንበብ አይችልም፣ ካትሱ።"

"ታዲያ ለምን ይጻፋል?"

"ወደብ ላይ የሚጠብቀው ሰው የራሱን እንዲለይ ነዋ! ሌላ ለምን መሰለህ?" ጣታቸውን ውሃ ነክረው ጠረጴዛው ላይ 'ቆመ'ን ጻፉ። "ይሄ ደግሞ ድሮ የእግር ሥዕል ነበር። ጣቶቹ እነዚህ ናቸው። የሞተ እግር አይደለም፤ ሄዶ ሄዶ የደረሰ እግር ነው። ሞክረው።"

እኔም ከሥሩ በጣቴ ጻፍኩ። እውነት ይሁን እኔን ለማጽናናት የፈጠሩት አላውቅም። ሳቺኤንም አስተማሩኝ፤ ግን ሲያስተምሩኝ አልሰደቡኝም። ያ አስከፋኝ።

ጁን 16፣ ማክሰኞ

ከመርከብ ሳልወርድ ተደወለ። ኢንፌክሽን። ቧንቧው አሁን በአፏ ገብቷል፤ የሚተነፍስላት ማሽኑ ነው። ሐኪሙ "ሁለት ሦስት ቀን እንይ" አለ። ምኑን ነው የምናየው?

ትናንት አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። በጣት፣ በውሃ። በጣት የተጻፈም ይቆጠራል?

ጁን 17

ሺሆን ስሙን እንቀይረው አልኳት። የእናቷን ወረቀት አሳየኋት። አንድ ነገር ተናገረችኝ። አልጽፈውም።

ጁን 18፣ ሐሙስ

እጽፈዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ወረቀት ላይ ቢወጣ ይሻላል።

ወጥ ቤት ቆማ፣ የወተት ከረጢት በእጇ ይዛ ነው የተናገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"የምትፈራው ስሙን አይደለም። አሥራ ሁለት ቀን ሆናት። አንድ ቀን አልነካሃትም። አንድ ቀን በስሟ አልጠራሃትም። ልጅቷ፣ ልጅቷ ትላለህ፤ የጎረቤት ልጅ ይመስል። ብትሞት እንዳይጎዳህ ነው አይደል? ከአሁኑ እየተለማመድክ ነው።"

እጄ ዘይት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እጄን አየሁት። ስፈገፍገው ሰንብቼ ጥፍሬ ሥር ቆስሏል እንጂ ዘይት የለበትም።

"እናቴ ስለ ስሙ ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ" አለች። "እኔም አስቤዋለሁ። የመጀመሪያው ደወል የጮኸ ቀን። ከአንተ በፊት። ግን በሌላ ስም ስጠራት እሷ አትመስለኝም።"

ዛሬ ወደብ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን መዝገብ ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። ልጅቷ። ልጅቷ። ልጅቷ።

ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።

ጁን 19፣ አርብ

አማቴ ማዘጋጃ ቤት አብሬህ ልሂድ አሉ። ሐሳቤን እንዳልቀይር ሊጠብቁኝ ነው ብዬ ነበር። የሳቺኤ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ አላባራም። ተራ ቁጥር ወስደን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን አሥር ሰው አለ።

"ከሺሆ በፊት አንዲት ነበረች" አሉ፣ ሳያዩኝ።

ሺሆ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት ብዬ ነበር የማውቀው። ሺሆም እንደዚያው ነው የምታውቀው።

"ትንሽ ሆና ተወለደች። ያኔ እንዲህ ያለ ማሽን የለም። የባሌ እናት ስሟ በደንብ ይቆጠር አሉ። ቆጣሪ ዘንድ ሄድን፤ ያወጣው አልጣማቸውም። ሌላ ቆጣሪ ዘንድ ሄድን። በአሥራ አንደኛው ቀን…" ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ ምንም ሳያወጡ ዘጉት። "መቃብሯ ላይ ስም የለም። እኔም ሳስባት 'ያቺ' ነው የምላት። አርባ ዓመት 'ያቺ'። ሌላ ምን ብዬ ልጥራት?"

ቁጥር የምትጠራው መሣሪያ ሁለት ሰው ጠራች።

"እማማ፣ ታዲያ ሳቺኤን ልጻፍ?"

"የፈለግከውን ጻፍ። ሳትጽፍ ብቻ ከዚህ አትወጣም።"

ተራችን ደረሰ። እስክሪብቶው በገመድ ታስሯል። ሁለተኛው ጭረት ላይ መታጠፊያው ጎበጠ። የጻፍኩት ሺሆ የመረጠችውን ነው። ደፍሬ አይደለም። ሌላውን ብጽፍና የሚፈራው ቢመጣ፣ ሺሆ የማታውቃትን ልጅ የምትቀብር መሰለኝ። ፈርቼ ነው የጻፍኩት፤ እንዲያውም ከመቼውም በላይ ፈርቼ።

ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። "ሌላ ቅጽ ይስጡኝና እንደገና ልጻፍ?" አልኩት።

"ይነበባል" አለና ማኅተሙን መታበት።

አማቴ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ክንዴን ይዘው ሄዱ። ከዚህ በፊት ይዘውኝ አያውቁም።

ጁን 21፣ እሑድ

አስገባሁ። አንድ ጣት። ጭንቅላቷ ላይ። ሞቃት ናት። እንዲህ ትሞቃለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሌላ አልጽፍም።

ጁን 22፣ ሰኞ

ዝናቡ ለአንድ ቀን አባራ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርከቧን አስረን ስወርድ ነፋሱ ቀጥ አለ። ባንዲራው ተንጠለጠለ። ውሃው ላይ አንድ መስመር የለም። እዚህ ተወልጄ አድጌ ይህን ሰዓት ፈርቼው አላውቅም። ዛሬ ላብ አጠመቀኝ። ሰዓቴን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ፤ መሄድ አልቻልኩም። አምስት ደቂቃ። ሃያ። ሠላሳ አምስት። አንድ ዓሣ አጥማጅ "ምን ጠፍቶህ ነው?" አለኝ። ምንም አልኩት።

በአርባ አንደኛው ደቂቃ ነፋሱ በየብሱ በኩል፣ ከጀርባዬ መጣ። በየቀኑ እንደሚመጣው። እንደ ሞኝ እንባዬ መጣ።

ጁን 23

ሐኪሙ፦ "መድኃኒቱ እየሠራ ይመስላል።" ይመስላል።

ጁን 25፣ ሐሙስ

ከጎናችን ያለው ሣጥን ዛሬ ባዶ ነው። አንሶላው ተነሥቷል። አልጠየቅኩም። ሺሆም አልጠየቀችም። ሲስተር ኦኩሙራን ፊቷን ሳነብ ዋልኩ።

ጁን 27፣ ቅዳሜ

ጋሽ ኩማዳ ዘንድ አንድ ወረቀት ብቻ ጻፍኩ። ስጽፍ ጮክ ብዬ እንድተነፍስ አደረጉኝ፤ እንደ በሬ እየተነፈስኩ ጨረስኩት።

ከሩቅም ከቅርብም አዩት። "አሁንም በር ነው" አሉ። "ግን ስቀለው። ሁለተኛ እንዳትጽፍ፤ ከጻፍክ ልታሳምረው ነው።"

ሺሆ ሣጥኑ ላይ ለጠፈችው። ሲስተር "የሱናዳ ሴት ሕፃን" የሚለውን ላጠችው።

ጁላይ 1

ከጎናችን የነበረው ልጅ ወፍሮ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ነው። አባቱን መታጠቢያው ጋ አገኘሁት፤ ወተት ጠጥቶ አይጠግብም አለኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ቀብሬው ነበር።

ጁላይ 4፣ ቅዳሜ

የአፏን ቧንቧ አወጡት። በራሷ ነው የምትተነፍሰው። ሺሆ አለቀሰች፤ አማቴ ሐኪሙን እጅ ነሥተው ነሥተው ሊወድቁ ደረሱ።

እኔ ግን ወደ መጀመሪያው ፍርሃቴ ተመለስኩ። ማሽኑ ሲተነፍስላት መርሳት አልነበረም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ብቻ ደወሉ ሦስት ጊዜ።

ጁላይ 8፣ ረቡዕ

ሺሆ "አሁንስ አትጠራትም?" አለችኝ።

"ሰው ፊት አፍራለሁ።"

ውሸቴን ነው፤ አላፍርም። ጠርቻት ባትመልስስ? እስካሁን ያቆመችው እኔ ሳልጠራት ነው። ጠርቻት ከቆመች ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።

ጁላይ 11፣ ቅዳሜ

ሺሆ ወተት ልታልብ ወጣች። እኔ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሲስተር ኦኩሙራ ሁለት ሣጥን አልፋ የሌላ ልጅ ቧንቧ ይዛለች። ደወሉ ጮኸ።

ሰማንያ ስምንት። ሰባ ስድስት። ሲስተርን አየኋት። ሁለት እጇም ተይዟል።

"አባቷ፣ እርስዎ ቅርብ ነዎት! ጀርባዋን ያሹላት፤ ይጥሯት!"

ስልሳ አራት። ሁለቱንም እጄን አስገባሁ። ጀርባዋ ከመዳፌ ያንሳል። አጥንቷ እንደ ማበጠሪያ ነው። ድምፄ ሞተር ክፍል ውስጥ እንደምጮኸው ሆኖ ወጣ።

"ናጊ! ናጊ!"

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። መዳፌ ሥር የሆነ ነገር ብድግ አለ። እጄ ይሁን እሷ አላወቅኩም። ሰባ። ሰማንያ አምስት። ዘጠና ሦስት።

ሲስተር ኦኩሙራ እጇን እያደረቀች መጣች። "እውነቱን ልንገርዎት? እርስዎ ሲጠሯት መተንፈስ ቀድማ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ሆኜ አይቻታለሁ" አለች እየሳቀች። "ደግሞ እዚህ ሞተር የለም። ቀስ ብለውም ቢጠሯት ትሰማለች።"

እጄን አላወጣሁም። ሲስተር ሄደች። ደወሉ ዝም ብሏል። ናጊ ትተነፍሳለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ። ምንም ሳትሆን፣ እንደገና ጠራኋት። ቀስ ብዬ።